ለጨፌው ካሳ የሚከፍለው ማነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ሲቪል መሃንዲስ ነኝ፣ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የምሰራው አንድ ኮንትራክተር ጋ ነው። ከሐረር ወጣ ብሎ የምንሰራው መንገድ አንድ ጨፌ (ረግረጋማ የሳር ሜዳ) መሃል ለመሃል ይሰነጥቃል፣ ከጨፌው የምትወጣ ትንሽ ጅረትም አለች፣ እሷን በአንድ ቱቦ ልናሳልፋት ነው። ለመንገዱ ብር ያበደረው ድርጅት የማካካሻ ፕላን (ለምታጠፉት ጨፌ ምትክ ምን እንደምትሰሩ የሚያሳይ እቅድ) አምጡ አለ፣ አለቃዬ ደግሞ "አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ እስከ አርብ ጻፈው" አለኝ። 10,000 ችግኝ እንተክላለን ብዬ ጻፍኩ፣ "አይበቃም" ተብሎ ተመለሰብኝ። ምኑ ነው ያልበቃው? (ሰ. ከሐረር)

መልስ፦ ወንድሜ አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም፣ እኛ አገር ማካካሻ የሚል ቃል ሲመጣ እጃችን ቀድሞ ችግኝ ላይ ነው የሚያርፈው። ግን እስኪ አስበው፣ ጨፌው እዛ ቁጭ ብሎ ምን ሲሰራ ነበር? ክረምት ውሃውን ይይዛል፣ በጋ ላይ ቀስ እያለ ይለቀዋል፣ ደለል ያስቀራል፣ ከብት ያበላል፣ ከታች ያሉትን የእጅ ጉድጓዶች ይመግባል። ኮረብታ ላይ የተከልከው ችግኝ ከነዚህ የቱን ይሰራልሃል? ባህር ዛፍ ከሆነማ የተረፈችውንም ውሃ ይጠጣታል (ባህር ዛፍ እንዳልጻፍክ ተስፋ አለኝ)።

ሁለተኛው ነገር፣ ማካካሻ የመጨረሻው ደረጃ ነው፣ አንተ ግን ከሱ ጀመርክ። አበዳሪዎች፣ የዓለም ባንክም ጭምር፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ጉዳቱን ጭራሽ ማስቀረት አይቻልም ወይ ብለው ነው፣ ካልተቻለ መቀነስ፣ የተበላሸውን እዛው መጠገን፣ ከዛ በኋላ ለቀረው ብቻ ማካካስ። ስለዚህ መንገዱ ትንሽ ወደ ዳገቱ ቢወጣ ጨፌውን ይስታል ወይ ብለህ ሰርቬየሩን ጠይቅ። አይስትም ካለህ ያቺን አንድ ቱቦ ተዋት፣ ውሃውን ሁሉ ሰብስበህ በአንድ አፍ ስትለቀው ከላይ ይቆማል ከታች ደግሞ ይቆፍራል፣ ቦረቦሩ ወደላይ እየበላ ይመጣና ጨፌውን ራሱን ያደርቀዋል፣ መንገድህንም ይዞት ይሄዳል። ብዙ ቱቦ በየቦታው፣ ወለላቸው ከጅረቷ ወለል እኩል ሆኖ፣ ከሙሌቱ ስር ደግሞ ከገረጋንቲው በፊት ውሃ የሚያሳልፍ ድንጋይ ብታደርግ ጉዳቱ በጣም ይቀንሳል። ይሄ ራሱ ፕላኑ ውስጥ መጻፍ አለበት።

አጻጻፉን በደንብ ያደራጁት አሜሪካኖች ናቸው። እዛ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የውሃ ህግ ረግረግ ወይ ጅረት ልትደለድል ስትል ፈቃድ አውጣ ይላል፣ በ2008 ደግሞ የጦሩ የምህንድስና ክፍልና የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤታቸው አንድ ደንብ አወጡ፣ የማካካሻ ፕላን 12 ነገር መያዝ አለበት የሚል። ሁሉንም አልዘረዝርልህም፣ ያንተን ፕላን ያስመለሱት የሚመስሉኝ ግን እነዚህ ናቸው፦ ምንድነው የምትተካው፣ ቦታውን ለምን መረጥከው፣ አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው፣ ተሳካ የሚባለው ምን ሲታይ ነው፣ ማን ይከታተለዋል (እነሱ ቢያንስ 5 ዓመት ይላሉ)፣ ካልተሳካስ ብሩ ከየት ይመጣል። "10,000 ችግኝ" ለአንዱም መልስ አይሆንም።

እዛ ማካካሻው በሶስት መንገድ ይሄዳል፣ አልሚው ራሱ ይሰራዋል፣ ወይ ለተፈቀደለት ድርጅት ብር ይከፍልና ያ ድርጅት ይሰራለታል፣ ወይ ደግሞ "ባንክ" ከሚሉት ይገዛል። ባንኩ ብር የሚቀመጥበት አይደለም፣ አንድ ሰው አስቀድሞ የሞተ ረግረግ ያድንና ባዳነው ልክ ክሬዲት (የሚሸጥ የማካካሻ ነጥብ) ይጸድቅለታል፣ ያንን ለአልሚ ይሸጣል። ሃሳቡ ደስ ይላል፣ ሆኖም ደንቡ ሳይወጣ እ.ኤ.አ. በ2001 የራሳቸው ብሔራዊ የምርምር ካውንስል ሲያየው ቃል ከተገባው ማካካሻ ብዙው ወይ አልተሰራም ወይ ተሰርቶ ረግረግ አልሆነም። ስለዚህ ኮፒ ስታደርግ ድክመቱንም አብረህ እየው።

አንተ ጋ ባንክ ምናምን የለም፣ ራሳችሁ ናችሁ የምትሰሩት። እዛው ተፋሰስ ውስጥ በቦረቦር ወይ በተቆፈረ ቦይ የደረቀ ሌላ ጨፌ ፈልግ፣ ቦዩን ድፈን፣ ቦረቦሩን በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) አቁመው፣ ከላይ ያለውን ዳገት እርከን ስራበት፣ ከብት ለተወሰነ ጊዜ እንዳይገባ ከገበሬዎቹ ጋር ተስማማ። ስፋቱ ከምታጠፋው ይብለጥ፣ አዲሱ ስራ እስኪጀምር ዓመታት ይፈጅበታላ። ከሁሉም በፊት ግን ዶዘሩ ሳይገባ የጉድጓዶቹን የውሃ ከፍታ በጋም ክረምትም ለካ፣ ካልለካህ ነገ "ድሮም ውሃ አልነበረውም" የሚልህ አይጠፋም። ብሩንም ውሉ ላይ ከስራ ዝርዝሩ ጋር አስገባው፣ አለቃህ ርክክብ ጨርሶ የዓመቱ ዋስትና ካለቀ በኋላ ሳይቱ ላይ ማንም አያገኘውም።

አለቃህ ይሄ ሁሉ ለአንድ ጨፌ ነው ወይ ካለህ ሐረማያን አስታውሰው። ሐረር ስትጠጣው የኖረችው ሐይቅ ነው በኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ የደረቀው፣ አንድ ሰው አይደለም ያደረቀው፣ የመስኖ ፓምፑም ደለሉም የከተሞቹ ጥምም ተባብረውበት ነው። ከዛ ውሃው ከድሬዳዋ በኩል ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ሽቅብ በፓምፕ ይሳብ ጀመር፣ ያንን ሁሉ ዳገት። አሁን ሐይቁ ወደ ቦታው መመለስ ጀምሯል እሰየው ነው፣ እኛ ግን ጄሪካን ተሸክመን ያደግን ሰዎች የመሃሉን ዓመታት አንረሳቸውም።

ጥያቄ፦ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው ተወልጄ ያረጀሁት። ጎረቤት ያለ ባለሀብት ወደ ደቻቱ የሚገባውን አንዱን ደረቅ ወንዝ ደልድሎ መጋዘን ሊሰራ ነው፣ ስንጠይቀው "ውሃ የሌለው ወንዝ ምን ይጎዳል፣ ካሳውን ሌላ ቦታ ዛፍ ተክዬ እከፍላለሁ" ይለናል። እውነት ነው? (ወ/ሮ ፋ. ከድሬዳዋ)

መልስ፦ እናቴ፣ አቦ ይሄ ልጅ ድሬ አላደገም መሰለኝ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ለሊት ያ ደረቅ አሸዋ ምን ዓይነት ጎርፍ እንዳመጣ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል፣ ከ250 በላይ ሰው ነው ይዞ የሄደው። ደራሽ የሚሄድበት ቦይ በሌላ ቦታ ዛፍ አይተካም፣ ጎርፉ ዛፉ ወዳለበት አይሄድማ፣ ወደ እናንተ ቤት ነው የሚሄደው። እንዲህ ያለው ቦታ ማካካሻ የሚታሰብበት ሳይሆን ከመጀመሪያው የማይነካ ነው። ሌላው ደግሞ አሸዋው ዝም ብሎ አሸዋ አይደለም፣ ጎርፉ ሲያልፍበት ወደ ታች ያሰርገዋል፣ ከተማው ደግሞ የሚጠጣው ከጉድጓድ ነው።

አሜሪካም በዚሁ ተጨቃጭቀዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የፌዴራሉ የውሃ ህግ በአብዛኛው ሳይቋረጥ ውሃ ያለበትን ነው የሚሸፍነው ብሎ ስለወሰነ ብዙ ደረቅ ጅረት ከጥበቃው ወጣ። ባለሀብቱ ይሄን ከጠቀሰ ያ የነሱ ህግ ነው ይበሉት።

የኛው አዋጅ 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ለህዝብ ክፍት ይሁን አስተያየትም ይሰብሰብበት ይላል፣ ስለዚህ ጎረቤት ይዘው የከተማው አካባቢ ጥበቃ ቢሮ ይሂዱና ጥናቱን አሳዩን ይበሉ። ጉዳት አለው ካላችሁ ደግሞ በአዋጅ 300/1995 ማንም ሰው፣ ቦታው የኔ ነው ማለት ሳያስፈልገው፣ አቤት ማለት ይችላል፣ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካልተሰጠ ከዛ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። አቤቱታው በጽሁፍ ይሁን፣ ቀን ያለበት ማህተም ያስመቱበት፣ ኮፒውን ቤት ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ የኛ ሰፈር ጨፌ ለፕሮጀክት ተወሰደ፣ የእርሻ መሬት የተወሰደባቸው ካሳ ተሰላላቸው፣ ጨፌው ግን የወል ስለሆነ ካሳ የለውም ተባልን። (ገበሬ፣ ከሐረር ዙሪያ)

መልስ፦ አለው። አዋጅ 1161/2011 ለወል መሬትም የልማት ተነሺ ካሳ ይሰላል ይላል፣ ስሌቱ ከመሬቱ ታገኙት በነበረው ጥቅም ላይ ነው፣ ስለዚህ ስንት ከብት ይግጥበት እንደነበር፣ ስንት ሸክም ሳር እንደሚታጨድበት ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩና ይዛችሁ ሂዱ። ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ካሳ የሰው ነው፣ ብሩ ተከፋፍሎ ያልቃል፣ ላይ ቤት ለመሃንዲሱ ልጅ የጻፍኩት የውሃው ካሳ ሌላ ነው፣ እሱንም ለብቻው ጠይቁ፦ ከብቶቹ የካቲትና መጋቢት ላይ የት ነው የሚጠጡት?