«ስትራቴያ» ሠራዊት ነው ወይስ ዘመቻ?

1ኛ ጢሞቴዎስ 1፥18 ላይ ግራ ያጋባህ «ስትራቴያ» የሚለው የግሪክኛ ቃል ሠራዊት ማለት አይደለም። ዘመቻ ነው። መዝገበ ቃላትህ «የውትድርና አገልግሎት» ቢልህም አልተሳሳተም። የእኛ «ዘመቻ» ግን ጉዞውንም ግዳጁንም አንድ ላይ ይይዝልሃል።

ጥንታዊቷን አቴናን አስብ። ከ18 እስከ 59 ዓመት ያለ ዜጋ ሲጠራ ይዘምታል። ፈላስፋው ሶቅራጥስ ራሱ ወደ ፖቲዳያ፣ አምፊፖሊስና ዴሊዮን ዘምቷል። ተጠርቶ የቀረ ሰው «አስትራቴያ» በሚል ክስ ይቆማል። ፊት ላይ ያለችው «አ» አፍራሽ ናት፤ «አለመዝመት» እንደማለት። ከተፈረደበት የዜግነት መብቱን ያጣል። የቃሉ ክብደት ለእኔ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። «ስትራቲያ» የሚባል መንትያ ቃል አለ፤ ሠራዊት ማለት እሱ ነው። ሉቃስ 2፥13 ላይ ያለው የሰማይ ሠራዊትም ይሄኛው ነው። በግሪክኛ ሲጻፉ የሚለያቸው በ«ስትራቴያ» ውስጥ ያለች አንዲት ፊደል፣ ኤፕሲሎን (ε) ናት። የድምፅ ምልክቱም በ«ስትራቲያ» የመጨረሻው አናባቢ ላይ ያርፋል። እኔ ሁለቱን አምታትቼ አንድ ሙሉ ምዕራፍ እንደገና ለመተርጎም ተገድጃለሁ። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱን ከመግለጥህ በፊት ኤፕሲሎኗ መኖሯን እይ።