ዛንዚባር ለፎቶ ልሄድ ነው፣ ዓሣ አጥማጆቹ ይቆጡኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ኮምቦልቻ ፎቶ ቤት ነው የምሠራው፣ ሰርግ ምርቃት ምናምን አነሳለሁ። ወንድሜ ዛንዚባር ሆቴል ውስጥ ስለሚሠራ ነይ ብሎኝ በሐምሌ ለ10 ቀን ልሄድ ነው። ያማረኝ ሆቴሉን ሳይሆን የዓሣ አጥማጆቹን መንደር ማንሳት ነው፣ ግን ባለፈው ሐይቅ ሄጄ ታንኳ ላይ ያሉትን ላነሳ ስል አንዱ ሰውዬ «ፎቶአችንን ለማን ልትሸጪው ነው?» ብሎ ጮኸብኝና አፍሬ ተመለስኩ። እዛም እንዲህ ቢሆንስ? ካሜራዬስ የባህር አየር ይችላል?
ዘ. ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ዘ እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ እንጂ ሰውየው እውነቱን ነው። ስቱዲዮሽ የሚመጣው ሰው ለብሶ ተኳኩሎ ከፍሎ ነው የሚቆምልሽ፣ እሱን ግን ሱሪውን ጠቅልሎ መረብ ሲፈታ ነው ድንገት የደረስሽበት። ስለዚህ ዛንዚባር የመጀመሪያ ቀን ካሜራውን ቤት ጥለሽው ውጪ፣ ሻሽሽን ጣል አድርጊ፣ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። ትልቅ ሰው ስታገኚ በቋንቋቸው በስዋሂሊ «ሺካሞ» በይ፣ «ማራሃባ» ብለው ይመልሱልሻል፣ መቼም መንዙማ እየሰማች ላደገች የወሎ ልጅ ይሄ ቃል እንግዳ አይሆንባትም። በማግስቱ «ናኦምባ ኩፒጋ ፒቻ» ትያለሽ፣ ፎቶ ላንሳ እባክዎ ማለት ነው። «ሃፓና» ካሉሽ እምቢ ብለዋልና አመስግነሽ እለፊ።

የሚገርምሽ ሰዓታቸውም እንደኛ ነው፣ ጠዋት «ሳ ሞጃ» ካሉሽ የኛው 1 ሰዓት ነው። ሆቴል ውስጥ ግን በፈረንጅ ሊነግሩሽ ስለሚችሉ ወንድምሽን አጣሪው።

ዋናው ነገር ግን ውሃው ነው። የሐይቅ ውሃ ማታ ትተሽው ጠዋት እዛው ነው፣ በዛንዚባር ምሥራቅ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት መንደሮች ግን ባህሩ በቀን ሁለቴ ይሸሽና ጀልባው ሁሉ አሸዋ ላይ ጋደም ብሎ ይቀራል፣ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ደሞ ተመልሶ ይሞላል። ሴቶቹ የሚወጡት ሲሸሽ ነው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው አሸዋው ላይ በተተከሉ እንጨቶች መሃል በተወጠረ ገመድ የባህር ሣር ያስራሉ፣ ይሄ እርሻ ከ1980ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጅ) ጀምሮ ያለ ነው፣ ከሣሩ የሚወጣው ነገር አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና ለማወፈር ይገባል። ሌሎቹ በዱላ ድንጋይ ስር እየወጉ ኦክቶፐስ ያወጣሉ። ሴት መሆንሽ እዚህ ጋ ይጠቅምሻል፣ አብረሻቸው ጎንበስ ብለሽ ገመድ ብትይዢላቸው ማን ይቆጣሻል? ውሃው የሚሸሽበት ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፣ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ደሞ በጣም ርቆ ይሄዳል፣ ጉዞሽን በዛ ብትቆጥሪው ጥሩ ነው። ጀልባ በእጅ ሲሠራ ማየት ካማረሽ ሰሜን ጫፍ ኑንግዊ ሂጂ።

ብርሃኑን በተመለከተ፣ ነጭ አሸዋ ላይ ጥቁር ፊት ስታነሺ ካሜራው ብርሃን በዛብኝ ብሎ ፊቱን ከሰል ያደርገዋል፣ ኤክስፖዠሩን ወደ ፕላስ 1 ግፊው። አመሻሹን አትተማመኚበት፣ ፀሐይዋ ቶሎ ነው የምትወድቅ።

ካሜራሽ ማታ ማታ ከጠረግሽው ጨዉን ይችላል፣ ይልቅ የሚያስቸግርሽ ኤሲው፣ የክፍሉ ማቀዝቀዣ ነው። እኔ አንዴ ባህር ዳር ያለ ከተማ ሄጄ ሌሊቱን ሙሉ ኤሲ ከፍቼ ተኛሁና ጎህ ሲቀድ ሮጬ ብወጣ ሌንሱ እንደ ሻይ ቤት መስኮት በላብ ተሸፈነ፣ እስኪጠራ ስጠብቅ ጀልባዎቹ ሄዱ። ቦርሳውን እንደዘጋሽው ከመውጣትሽ ግማሽ ሰዓት በፊት በረንዳ አስቀምጪው፣ አሸዋ ላይ ሌንስ አትቀይሪ፣ ማታ በንጹህ ውሃ ትንሽ በረጠበ ጨርቅ ገላውን ጠርገሽ አድርቂው። በቃ።

ለማንኛውም ከሐምሌ በፊት አንድ ቅዳሜ ሐይቅ ተመለሺና ያን ሰውዬ ፈልጊው፣ ካሜራውን ቦርሳሽ ውስጥ አድርገሽ መጀመሪያ ዓሣ ግዢው።