የአንባቢያን ጥያቄ፦ የኧርነስት ስቶንማን ሸክላዎች

ጥያቄ፦ የጥንት የካንትሪና የወንጌል መዝሙር ቅጂዎችን በሰማሁ ቁጥር የኧርነስት ስቶንማን ስም ይመጣል። አናጢ ነበር ይባላል። ሸክላ ላይ እንዴት ደረሰ?

መልስ፦ አናጢነቱ እውነት ነው። በ1893 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቨርጂኒያ፣ ካሮል ካውንቲ ተወለደ። በ1924 ሄንሪ ዊተር የተባለ የአካባቢው ሰው ያስቀዳውን ሸክላ ሲሰማ፣ ከዚህማ እኔ እሻላለሁ ብሎ ለኩባንያዎች ደብዳቤ ጻፈና ኒውዮርክ ሄደ። በሴፕቴምበር ለኦኬ ኩባንያ የታይታኒክን መስጠም የሚተርክ ዘፈን ዘፈነ። የቀረጻው ኃላፊ ራልፍ ፒር ግን ፍጥነቱን አልወደደለትም። በጃንዋሪ 1925 ዝግ አድርጎ ደገመው፤ ገበያ የወጣውም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ይህንኑ የታይታኒክ ዘፈን ከኦኬም ከኤዲሰን ኩባንያም አለኝ። ሁለቱም ከሩቅ የሚመጡ ይመስላሉ። የቪክተር ኩባንያ መዝሙሮቹ ግን ጥርት ብለው ይሰማሉ። ልዩነቱ ከምን መጣ?

መልስ፦ ከመሣሪያው ነው። የኦኬውም ሆነ የ1926ቱ የኤዲሰን ቅጂ የተቀዳው በቀንድ ነው፤ ድምፁ ትልቅ ቀንድ ውስጥ ገብቶ ስስ ሽፋን ያርገበግባል፣ ሽፋኑም መቅረጫውን ስለት ያንቀሳቅሳል። መብራት የለ፣ ማጉያ የለ። ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፤ ከቀንዱ ራቅ ብሎ የቆመ ሰውማ ከናካቴው አይሰማም። ቪክተር በ1925 ወደ ማይክሮፎን ስለዞረ፣ ስቶንማን በሴፕቴምበር 1926 ከቡድኑ ጋር መዝሙር ሲያስቀዳለት ተቀባዮቹ እንኳ እያንዳንዳቸው ይለያሉ። በእኛ ጆሮ የሥራው ምርጥ እዚያ ነው።

ማይክሮፎን ቢመጣም የሚቀረጸው ያው ወፍራም ሰም ላይ ነበር። ሰሙ ካልሞቀ ስለቱ ይፍቀዋል እንጂ አጥርቶ አይቆርጠውም፤ ውጤቱ የሚንሿሿ ጫጫታ ነው። የተቀዳውን ለመስማት ሰሙ ላይ መርፌ ከተደረገ ደግሞ ቅጂው ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱን ዘፈን ሁለት ሦስት ጊዜ መቅዳት ልማድ ነበር። የሸክላው አንድ ፊት የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ በመሆኑ፣ ስንት ስንኝ እንደሚቀነስ አስቀድሞ ያልለካ ዘፋኝ መሐል ላይ ይቀራል። ስቶንማን ተዘጋጅቶ የሚመጣ ሰው ነበር፤ ፒር ደጋግሞ የጠራውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የስቶንማንን የኤዲሰን ሸክላ ገዛሁ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ ሳጫውተው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ላይበላሽ ይችላል። የሌሎቹ ኩባንያዎች መስመር መርፌውን ወደ ጎን ሲያወዛውዝ፣ የኤዲሰን ግን ወደ ላይና ወደ ታች ነው። በስቴሪዮ መርፌ አጫውተው ኮምፒውተር ላይ ይቅዱት፤ ከዚያ እንደ ኦዳሲቲ ባለ ፕሮግራም የአንዱን ቻናል (የግራውን ወይም የቀኙን) ሞገድ ገልብጠው ሁለቱን ወደ ሞኖ፣ ማለትም ወደ አንድ ቻናል፣ ያዋህዷቸው። ሳይገለብጡ ካዋሃዱ ዘፈኑ እርስ በርሱ ተጣፍቶ ጫጫታው ብቻ ይቀራል፤ የእርስዎም ችግር ይኸው ይመስለናል።

ፍጥነቱ በደቂቃ 80 ዙር ነው። ማጫወቻዎ 78 ብቻ ካለው በኋላ በፕሮግራሙ 2.56 በመቶ ያፍጥኑት። መርፌው 3 ሚል (የኢንች ሦስት ሺህኛ) ይሁን፤ የኤልፒ (የኋለኛው ዘመን ረጅም ሸክላ) መርፌ ቀጭን ስለሆነ የመስመሩን ወለል እየጫረ ቆሻሻ ያነባል። በድሮ ግራሞፎን የብረት መርፌ ግን በፍጹም አያስነኩት፤ አንድ ዙር ይበቃዋል ለመበላሸት።

ጽዳቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ተራው ሸክላ በአልኮል ይሟሟል፤ እሱን ለብ ባለ ውሃና በጠብታ የሳህን ሳሙና ነው፣ መሐሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሳያርሱ። ኤዲሰን ግን ተቃራኒው ነው፦ ውስጡ የእንጨት ዱቄት ስላለበት ውሃ ሲነካው ያብጥና ጠርዙ ይሰነጠቃል። በአልኮል እርጥብ ባለ ጨርቅ ብቻ፣ እዚህም ወረቀቱን ሳይነኩ።

ጥያቄ፦ ስቶንማንስ ከሸክላው ገንዘብ አገኘበት?

መልስ፦ ለጊዜው፣ አዎ። በጁላይ 1927 ፒር በቨርጂኒያና በቴነሲ ድንበር ላይ ባለችው ብሪስቶል ከተማ፣ ቴነሲ ወገን ባለ ሕንፃ ውስጥ ብርድ ልብስ ሰቅሎ ጊዜያዊ ስቱዲዮ ሲከፍት፣ በ25ኛው ቀን መጀመሪያ የገባው ስቶንማን ነበር። የከተማው ጋዜጣ ሰውየው ባለፈው ዓመት ከሸክላ 3,600 ዶላር እንዳገኘ ሲጽፍ የተራራው ዘፋኝ ሁሉ ወደ ብሪስቶል ጎረፈ። በሚቀጥለው ሳምንት የካርተር ቤተሰብና ጂሚ ሮጀርስ እዚያው ተቀዱ፤ ዝናውን የወሰዱትም እነሱ ናቸው።

በ1929 ኤዲሰን ሸክላ ማምረት አቆመ፤ የኢኮኖሚው ድቀትም ሌላውን ገበያ ገደለው። ስቶንማን ቤቱን አጥቶ በ1932 ብዙ ልጆቹን ይዞ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ተሰደደ፤ የባሕር ኃይል መድፍ ፋብሪካ ውስጥም ሠራ። በ1950ዎቹ ዳግም ተቀዳ፣ ከልጆቹም ጋር መድረክ ላይ ወጣ። በ1968 ናሽቪል ውስጥ አረፈ። የካንትሪ ሙዚቃ የክብር መዝገብ ውስጥ የገባው በ2008 ነው።

ጥያቄ፦ የሚጫወተው በገና ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ አውቶሃርፕ ነው። ቁልፉ ሲጫን የማይፈለጉትን ክሮች በወፍራም የሱፍ ጨርቅ አፍኖ ኮርዱን (አብረው የሚደመጡትን ድምፆች) ይተዋል። ሃርሞኒካውን ደግሞ አንገቱ ላይ በሽቦ አንጠልጥሎ አብሮ ይነፋል።