መልስ፦ ብረት ለመጀመር በስንት ኪሎ ልነሳ?

በባዶው ዘንግ ጀምር። ስንት ኪሎ እንደምትጭን ግራ ከገባህ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም አትጫን። ረጅሙ የኦሊምፒክ ዘንግ ብቻውን 20 ኪሎ ነው። እሱም ከከበደህ ቀለል ያለ ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ብረት) ያዝ፤ ማንም አያይህም፣ ሁሉም የሚያየው መስታወቱን ነው።

በሳምንት 3 ቀን ይበቃል፣ በመሀል አንድ አንድ ቀን እያረፍክ። በእያንዳንዱ ቀን እነዚህን ሥራ፦

1. ዘንጉን ትከሻህ ላይ አድርገህ ቁጭ ብድግ
2. በጀርባህ ተኝተህ ከደረትህ ወደ ላይ መግፋት
3. ጎንበስ ብለህ ወደ ሆድህ መሳብ

ሁሉንም 3 ዙር፣ በየዙሩ ከ8 እስከ 10 ጊዜ። በዙሮቹ መሀል 2 ደቂቃ ያህል እረፍ። ከሁለቱ ሳምንታት በኋላ፣ የመጨረሻውን ዙር ስትጨርስ «ሁለት ጊዜ እጨምር ነበር» ካልክ፣ በሚቀጥለው የስፖርት ቀንህ 2.5 ኪሎ ጨምር። እየተንቀጠቀጥክ ከጨረስክ ግን እዚያው ቆይ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ አጠገብህ ካለው ሰው ጋር አትፎካከር። እኔ በሁለተኛው ወር ላይ ጎኔ ያለው ልጅ ሲጨምር አይቼ ጨመርኩ። ብረቱን ከመሬት ሳነሳ ጀርባዬ ጎበጠ፣ ወገቤ ላይ እንደ መብረቅ የሆነ ነገር ተሰማኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የጫማዬን ክር ያሰርኩት እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ነው። አሁን ኪሎ ከመጨመሬ በፊት ስልኬን ከጎን አቁሜ ራሴን እቀርጻለሁ። ቪዲዮው ላይ ጀርባዬ ከጎበጠ፣ ጭማሪው ይቀራል።