መልስ፦ አረንጓዴ ለብሶ የሚያንሸራትት የእንጨት በረንዳ
ጅማ ያለው የእንጨት በረንዳሽ አረንጓዴ ለብሶ እንደሚያንሸራትት ጽፈሽ፣ ቫርኒሽ ልቀባው ወይ ብለሻል። እህቴ፣ አሁን እንዳትቀቢው! እርጥብ እንጨት ላይ የተቀባ ቫርኒሽ ይላጣል፤ እርጥበቱም ውስጥ ይታፈናል። መጀመሪያ በጣውላዎቹ መሃል የተሰገሰገውን ቅጠል አውጪ፤ ውሃ የሚይዘው እሱ ነው። ከዚያ በሳሙናና በጠንካራ ብሩሽ የእንጨቱን መስመር ተከትለሽ ፈትጊ። የሽቦ ብሩሽ ይቅር፤ ስባሪው እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይዝግና ጥቁር ነጥብ ይተዋል።

ቅቡን ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ አድርጊው፣ የጅማ ዝናብ ጋብ ሲል። እኔ ከቫርኒሽ ይልቅ ለውጭ እንጨት የሚሆን ዘይት እመርጣለሁ፤ ሲደበዝዝ ሳይፋቅ ይደረባል። ስስ አድርገሽ ቀቢና ትርፉን ጥረጊ። አደራ፣ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልለሽ አትጣዪ፤ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው።