«ተስማምተን ነው የምንፋታው»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከባለቤቴ ጋር በተክሊልና በቁርባን ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ሁለት ልጆች አሉን። አሁን ለመለያየት ወስነናል። ጠብ የለንም። አልተሰዳደብንም፣ ሽማግሌም አላስቸገርንም። ቤቱንም ልጆቹንም በሚመለከት ተስማምተን ጽፈናል። ጠበቃው ፍርድ ቤት ያጸድቅላችኋል ብሎናል። ፍቺው በሰላም ከሆነ መቁረባችንን መቀጠል እንችላለን? ለንስሐ አባታችንስ ከፍርዱ በኋላ ብንነግራቸው አይበቃም? ቀለበቴንስ ከአሁኑ ላውልቀው?

መልስ፦ እህቴ፣ በተክሊል የተጋባሽ ስለሆንሽ «እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው» የሚለውን ቃል አላነብልሽም። በሠርግሽ ቀን ሰምተሽዋል። እኔን ያቆመኝ «ጠብ የለንም» ያልሽው ነው። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ባልና ሚስት ፈገግ ብለው ይመጣሉ። ወንበር ይሳሳባሉ፣ ውኃ ይቀዳዳሉ። «እኛ እንደ ሌሎቹ አይደለንም፣ ተስማምተን ነው» ይላሉ። ካልተጣላን አልበደልንም፣ ስለዚህ ንስሐም አያስፈልገንም ማለታቸው ነው። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በጣም የተስማሙ ባልና ሚስት አሉ፤ ሐናንያና ሰጲራ። መሬታቸውን ሸጡ። ከሽያጩ ገንዘብ ከፊሉን ሊያስቀሩ፣ ሁሉንም ሰጠን ሊሉ ተነጋገሩ። ባል ብቻውን ይዞት የቀረበውን ውሸት፣ ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ የገባችው ሚስት ስትጠየቅ ደገመችው። በምንም አልተለያዩም። ቅዱስ ጴጥሮስ ግን ጥሩ ትዳር አላችሁ አላላትም። «የጌታን መንፈስ ትፈታተኑ ዘንድ ስለ ምን ተስማማችሁ?» አላት (ሐዋ. 5፥9)። እናንተን ከእነሱ ጋር እያመሳሰልኩ አይደለም፤ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። ግን ሁለት ሰው በአንድ ነገር መስማማቱ ነገሩን ትክክል አያደርገውም። ምን ላይ ነው የተስማማችሁት? ምንንስ ላለማንሳት ተስማማችሁ?

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ከዓመታት በፊት እንደ እናንተ ጸጥ ያሉ ባልና ሚስት መጥተው ነበር። ስምምነታቸው በአንድ ገጽ አልቋል። ሶፋው፣ ፍሪጁ፣ የእንጀራ ምጣዱ ሳይቀር ተቆጥሮ ተከፍሏል። ለየብቻ አነጋገርኳቸው። ሚስትየዋ ብዙ ቆይታ «መምህር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። ዘንድሮ የተነጋገርነው ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው» አለችኝ። ባልየው ደግሞ ለሚስቱ ያልነገራት ዕዳ ነበረበት። ያፍር ነበር። አፍሮ ዝም አለ፤ እሷ ዝምታውን ንቀት አድርጋ ወሰደችው። ጠብ አልነበራቸውም፣ እውነት ነው። ለጠብ የሚሆን ንግግር ራሱ አልነበራቸውም።

ታረቁ ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ይለኝ ነበር። አልታረቁም። ግን የተለያዩት እውነቱን ተነጋግረው ነው። ሚስትየዋ «ብቻ ይለቀኝ» ብላ የተወችውን ድርሻዋንም መልሳ ጠየቀች። ይህንን የምነግርሽ በምክንያት ነው። በስምምነት በሚባሉ ፍቺዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ አንደኛው ወገን የደከመው ነው። ቤቱን ልተውልህ፣ ልጆቹን ስጠኝ ይላል። ይህ ስምምነት አይደለም፣ እጅ መስጠት ነው። የጻፋችሁትን ወረቀት ዛሬ ማታ አውጥተሽ አንብቢው። እያለቀስሽ የፈረምሽው መስመር ካለ ምልክት አድርጊበት።

በነገራችን ላይ ሕጉ ራሱ አንቺ እንዳሰብሽው በቸልታ አያልፈውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በስምምነት መፋታትን ጨርሶ አይፈቅድም ነበር። የፍቺን ነገር ያዩ የነበሩትም የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ናቸው። በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ስምምነቱን ፈቀደ። ለምን እንደምትፋቱ እንድትናገሩም አያስገድዳችሁም። ነገር ግን ስምምነቱ ዳኛ ፊት ቀርቦ መጽደቅ አለበት። ስለ ልጆችና ስለ ንብረት የተስማማችሁትም አብሮ ይቀርባል። ዳኛው አንድ ላይ ወይም ለየብቻ አነጋግሮ ሐሳባችሁን እንድትለውጡ ይሞክራል። ካልሆነም ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ሰጥቶ እስኪ አስቡበት ሊላችሁ ይችላል። ፈቃዳችሁ የእውነት መሆኑን ያያል። ልጆቹን የሚጎዳ ወይም ከሁለት አንዳችሁን የሚበድል ነገር ካለ እንዳለ አይቀበለውም። ዳኛ እንኳ «ለየብቻ ላናግራችሁ» የሚልበትን ጉዳይ፣ ከንስሐ አባት ደብቆ መጨረስ ምን ይባላል?

አሁን ወደ ቁርባኑ ልምጣ። አያቶቻችን ቁርባንን ይፈሩት ነበር። ብዙዎቹ በሰማንያ ተጋብተው፣ ወልደው ከብደው፣ ሽበት ሲያወጡ ነው የሚቆርቡት። ፍርሃታቸው በሁሉም ነገሩ ትክክል ነበር አልልም፤ ወጣቶች እንዲቆርቡ ዘወትር የምንለምነው እኛው ነን። አንድ ነገር ግን በደንብ ገብቷቸዋል። ሰማንያ ይቀደዳል። «ሰማንያዋን ቀደደች» ሲባል ሰምተሻል። «ቁርባኗን ቀደደች» ሲባልስ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አልሰማሁም። እናንተ በወጣትነታችሁ፣ ማንም ሳያስገድዳችሁ፣ ሥጋውንና ደሙን ተቀብላችሁ አንድ ሆናችኋል። ፍርድ ቤቱ የቤት፣ የልጅና የንብረት ነገራችሁን መቋጨት ይችላል፤ በሕግ ፊት ያለውን ጋብቻም ያፈርሳል። በቅዱስ ቁርባን የሆነውን ግን ዳኛው አልሰጣችሁም፣ ዳኛውም አይወስደውም።

ቅዱስ ጳውሎስ መለያየት እንደሚደርስ ያውቃል። «ብትለያይ ግን ሳታገባ ትኑር ወይም ከባልዋ ትታረቅ» ይላል (1ኛ ቆሮ. 7፥11)። ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያስቀመጠው። «ተስማምተን ተፋታን፣ አሁን ሁለታችንም ነፃ ነን፣ ሌላ እናገባለን» የሚል ሦስተኛ መንገድ የለም። ጌታ በማቴዎስ 19 ላይ ዝሙትን ለይቶ ጠቅሷል። በመካከላችሁ እንዲህ ያለ ነገር ኖሮ ለክብር ብላችሁ ሸፍናችሁት ከሆነ፣ ካህን ሊሰማው የሚገባ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ አትጻፊልኝ። ለእሳቸው ንገሪ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሴቶች ስላሉ። ባሏ የሚደበድባት ሴት «ቁርባን አለብኝ» ብላ በዱላ ሥር እንድትቆይ ቤተ ክርስቲያን አታዝም። ወጥታ ነፍሷንና ልጆቿን ታድን። ለፖሊስም ታመልክት። እንዲህ ያለችውን ሴት «ታገሺ የኔ ልጅ» ብሎ የሚመልስ ሰው፣ ካህንም ይሁን የጎረቤት ሽማግሌ፣ ትዕግሥት የሚለውን ቃል በከንቱ ይጠራል። አንቺ እንዳልሽው ከሆነ የእናንተ ነገር ይህ አይደለም። ከሆነ ግን ከላይ የጻፍኩትን ተይውና ዛሬውኑ ውጪ።

መስማማታችሁን እያጣጣልኩ እንዳይመስልሽ። አባትና እናት በችሎት ሲወራወሩ፣ ልጅ «ከማን ጋር ትሆናለህ?» እየተባለ ሲጎተት አይቻለሁ። እናንተ ልጆቻችሁን ከዚህ አድናችኋል። ይህ ቀላል አይደለም። እንዲያውም የሚያስቆጨኝ ይኸው ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ ማን እንደሚከፍል፣ ፋሲካ ከማን ጋር እንደሚውሉ፣ ሲታመሙ ማን እንደሚያስታምም ተቀምጦ መነጋገር የቻለ ባልና ሚስት፣ አንድ ማታ ደግሞ «መቼ ነው የተራራቅነው?» ብሎ መጠየቅ ያቅተዋል? «በውኑ ሁለት ሰዎች ሳይስማሙ በአንድነት ይሄዳሉን?» ይላል ነቢዩ አሞጽ (3፥3)። እናንተ መስማማቱን አላጣችሁትም። አቅጣጫው ነው የዞረባችሁ።

እንግዲህ ለጥያቄዎችሽ። መቁረብን በሚመለከት እኔ በጽሑፍ «ቁረቢ» ወይም «አትቁረቢ» አልልሽም። ይህን የሚወስነው ኑዛዜሽን የሚሰማው አባት ነው፤ እኔ የሰማሁት አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ስላጸደቀው ብቻ ምንም እንዳልሆነ ወደ ቤተ መቅደስ መግባት አይሆንም። ዳኛው ያጸደቀው የፍቺ ስምምነታችሁን ነው። ንስሐችሁን አይቶ አይደለም።

ከፍርዱ በኋላ መንገርም አይበቃም። ያለቀ ነገር የሚነገረው ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል? ማልቀስ ብቻ። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ሂዱ። መጀመሪያ አብራችሁ፣ ከዚያ ለየብቻ። ባለቤትሽ «ምን አገባቸው» ካለ ብቻሽን ሂጂ፣ አንቺ መሄድሽንም ንገሪው። ማመልከቻው ገብቶ ዳኛው ጊዜ ከሰጣችሁ ደግሞ ያንን ጊዜ ዕቃ በመሸከፍ አትጨርሱት። ብዙዎች እንዲያ ነው የሚያደርጉት፤ ሦስት ወሩ ሳያልቅ አንደኛው ቤት ተከራይቶ ወጥቶ ያድራል።

ቀለበቱን አሁን አታውልቂው። ካህኑ ዘንድ ስትገቢ ጣትሽ ላይ ይኑር። እሳቸውም ይዩት።