ለሃጭ ለምታዝረበርብ ላም እጅ ወደ ጉሮሮ አይላክም

ሰላም ለግሩፑ አባላት። ከሰንዳፋ የተጠየቀውን ባጭሩ ልድገመው። የ4 ዓመት ዲቃላ ላም ናት፤ ሁለት ቀን መኖ አልነካችም፣ ወተቷ ባንዴ ወርዷል፣ ለሃጯን ታዝረበርባለች፣ በጎረነነ ድምፅ ደጋግማ ትጮኻለች፣ ምጥ እንደያዛት ታምጣለች፣ የኋላ እግሯም እየታጠፈ ይከዳታል። ጎረቤት «ድንች አንቋት ነው» ብሎ እጁን እስከ ጉሮሮዋ አስገብቷል። ጥያቄዎ «አንጎሏን የመታው የትኛው ቫይረስ ነው? አንቲባዮቲክ ይወጋላት ወይ?» የሚል ነው።

ከቫይረሱ በፊት የጎረቤቱ እጅ ይቅደም። እጁን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብና ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የተጫረ ወይም የቆሰለ ቆዳ ለሃጩን ከነካ፣ ወይም ለሃጩ ዓይንና አፍ ውስጥ ከገባ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልገዋል፤ ከመጀመሪያው ቀን ክትባት ጋር ኢሚዩኖግሎቡሊን (ቫይረሱን የሚከላከል የተዘጋጀ አንቲቦዲ) መስጠትም አለ። ምልክት እስኪታይ የሚጠበቅ በሽታ አይደለም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ያልተፈላ ወተቷን የጠጣ ካለም አብሮ ሄዶ ለባለሙያው ይንገር።

አሁን ወደ ላሟ። በአዲስ አበባ ዙሪያ እንዲህ ያለች ላም ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ የእብድ ውሻ በሽታ እንደያዛት ነው የምትያዘው። «ውሻ ሲነክሳት አላየንም» ብለዋል። ንክሻው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፤ በሽታው ደግሞ ከሳምንታት እስከ ወራት አድፍጦ ስለሚቆይ ቁስሉ ድኖ ጠባሳውም ሳይታወቅ ምልክቱ ይመጣል። ሰው የሚያስበው የምትዋጋና የምትናከስ ላም ነው፤ ከብት ላይ ግን ሽባ የሚያደርገው ዓይነት ብዙ ነው። ለሃጩ የሚፈሰው መዋጥ ስላቃታት ነው፣ ድምጿ የሚጎረነነው የጉሮሮዋ ጡንቻ እየሰነፈ ስለሆነ ነው፣ ማማጧም የኋላ ነርቮቿ ስለተነኩ ነው። አንዱን «ታነቀች»፣ ሌላውን «ሆዷ ደረቀ»፣ ሦስተኛውን «ልትወልድ ነው» እያልን በየአቅጣጫው እጅ የምናስገባው እነዚህን ምልክቶች ለየብቻ ስለምናያቸው ነው። አንድ ላይ ሲመጡ ወደ እብድ ውሻ በሽታ ያመለክታሉ። ምልክት ከጀመረች በኋላ ከ10 ቀን በላይ የምትቆየው ጥቂቷ ናት።

ከቫይረሶቹ ሁለተኛ የማስበው ማሊግናንት ካታራል ፊቨርን ነው፤ በጎችና ላሞች ባንድ ጋጣ በሚያድሩበት በእኛ ደጋ በተለይ። በጓ ሳትታመም ቫይረሱን በአፍንጫዋ ትረጨዋለች፤ ከሁሉ የሚረጩት ከ6 እስከ 9 ወር ያሉ ጠቦቶች ናቸው። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ትኩሳቱ ወደ 41 ዲግሪ ይወጣል፣ ሁለቱም ዓይኖች ከዳር ወደ መሃል ወተት ይመስላሉ፣ አፍንጫዋ በወፍራም ንፍጥ ቅርፊት ይዘጋል፣ እጢዎቿ ያብጣሉ። ከላም ወደ ላም አይተላለፍም፣ ስለዚህ ሌሎቹን ላሞች ከእሷ ከመለየት ይልቅ በጎቹን ከላሞቹ መለየት ነው የሚጠቅመው። የእርስዎ ላም ዓይን ንጹሕ ከሆነና ሙቀቷ 39 አካባቢ ከሆነ ይህንን ወደ ኋላ ያድርጉት። የከብት ሄርፒስ ቫይረስ 5 ጥጃና ጊደር ላይ አንጎል ያቆጣል፣ በብዛት የሚዘገበው ግን ከአርጀንቲናና ከብራዚል ነው። ኦጄስኪ የሚባለው ከአሳማ የሚመጣ ነው፤ ላሟ ቆዳዋ እስኪላጥ ታካለች፣ አሳማ በሌለበት ግቢ አይታሰብም።

አንቲባዮቲክ ለቫይረስ አይሠራም። ግን አንጎልን የሚመቱ፣ ቫይረስ ያልሆኑና የሚድኑ በሽታዎች ስላሉ ሐኪሙ ሳያያት «አለቀላት» አይበሉ። ያንድ ወገን ጆሮና ከንፈር ወድቆ ባንድ አቅጣጫ የምትዞር ከሆነ፣ በተለይ የተበላሸ ገፈራ (ታምቆ የተቀመጠ አረንጓዴ መኖ) በልታ ከነበረ፣ ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ ቶሎ ከተጀመረ ፔኒሲሊን ያድናታል። ሞላሰስ ወይም የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚበዛላት ላም ታውራ ጭንቅላቷን ግድግዳ ላይ ከገፋች የታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ጉድለትን እጠረጥራለሁ። መጠኑ በኪሎ 10 ሚሊግራም ነው፤ ለ400 ኪሎ ላም 4 ግራም ማለት ነው፣ የመጀመሪያው በደም ሥር በጣም በዝግታ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ ቢ ኮምፕሌክስ 20 ሚሊ ወግተው «አልሠራም» ይላሉ። በሚሊ 10 ሚሊግራም ቢ1 ያለው ብልቃጥ 20 ሚሊው 200 ሚሊግራም ብቻ ነው። ጠርሙሱን ያንብቡ። አሮጌ ባትሪ ልሳ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ፣ ባትሪው ውስጥ ያለው እርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) መርዝም ያሳውራል።

እስከዚያው ላሟን በጠንካራ አጥር ለብቻዋ ያድርጓት፣ አንድ ሰው ብቻ በጓንትና በመነጽር ይቅረባት። በአፍ ምንም አይጋቱ፤ መዋጥ ስለማትችል ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። አትታረድም፣ ሥጋዋም ለውሻ አይሰጥም። ከሞተች ወይም እንድትወገድ ከተወሰነ ጭንቅላቷ እንዳይመታ፤ ምርመራው የሚፈልገው ያልተጨፈለቀ የአንጎል ግንድና ሴሬቤለም (ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል) ነው። ጭንቅላቱን የሚቆርጠው የተከተበ ባለሙያ ነው፣ እርስዎ አይሞክሩ። በሁለት ፌስታል ታስሮ፣ በበረዶ ሳጥን፣ እንደ ድንጋይ ሳይደርቅ ቀዝቀዝ እንዳለ በዚያው ቀን ይሄዳል። ፎርማሊን ውስጥ የገባ አንጎል ለተለመደው የፍሎረሰንት ምርመራ (ቫይረሱን በሚያበራ ቀለም በማይክሮስኮፕ የሚያሳየው) አይሆንም። አዲስ አበባ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ወይም ሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከመሄዱ በፊት በወረዳው ሐኪም በኩል ይደወል።

በድኗን 2 ሜትር ቆፍረው ይቅበሩ። ወለሉን በሳሙና ካጠቡ በኋላ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው ያፍስሱበት። ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ላሟን በነከሰው ውሻ ተነክሰው ሊሆኑ የሚችሉትን ላሞች 6 ወር ይከታተሉ፤ የግቢዎ ውሻ ካልተከተበ ደግሞ አስረው ለሐኪሙ ያሳዩት።